የአያ ድረስ ለቅሶ

የጋሽ ሞላን ማረፍ የነገረኝ የማላውቀው ሰው ነው። ስልኩን ሳነሣ «የሞላ ዘመድ ነሽ?» አለኝ፤ ድምፁ የሽማግሌ ነበር። አይደለሁም አልኩት። «ታዲያ ምኑ ነሽ? ስልኩ ላይ የሰው ስም ብለን ያገኘነው ያንቺን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የዕቃ አከፋፋይ ነው» አለኝ። ምናቸው እንደሆንኩ ለመናገር ቸገረኝ። በመጨረሻ «አብረን እንሠራ ነበር» አልኩ። «ነፍስ ይማር። እንደተኛ ነው ያለፈው። ቀብሩ ነገ ረፋድ ላይ ነው፤ ቁንዝላ ነን። ከደረስሽ ድረሽ» ብሎ ዘጋው።

ወዲያው ለድሮ የሥራ ባልደረቦቼ በስልክ ጻፍኩላቸው። መጀመሪያ የመለሰው የቀድሞው ካሜራ ማናችን ነው። «ንፍሮውን ታዲያ ማን ሊበላው ነው?» ብሎ በሳቅ እንባ የሚያፈሱ ፊቶች ደረደረበት። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ተናደድኩ፤ ግን ልዋሽ አልችልም፣ የእኔም ከንፈር ሊያመልጠኝ ሲል ነው የያዝኩት። የጋሽ ሞላ ጣጣ ይኸው ነበር።

ባሕር ዳር ውስጥ ለጥቂት ዓመታት አንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ እንሠራ ነበር። እኔ ተዋናይ መልማይ ነበርኩ። በትልልቅ ከተሞች ይሄ ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ ነው ይላሉ። እኛ ቤት ግን መልማይ ማለት ተዋናይ የምታፈላልግ፣ ካጣች የራሷን አክስት ጎትታ የምታመጣ፣ ካባ የምትዋስ፣ ምሳ የምታዝ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የምትሰደብ ማለት ነው። ድራማው እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ይታያል፤ ከዚያ በየሰው ስልክ ይዞራል። አዲስ አበባ ላይ ስማችንን የሰማ የለም፤ ዝናችን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አያውቅም። ከበረሃው ወዲህ ግን አያ ድረስን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም።

አያ ድረስ የድራማው ዋና ሰው ነው። ሥራው ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት እየዞረ መብላት ነው። የእድር ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ነጠላውን አዘቅዝቆ ይነሣል። ሟቹን አያውቀውም፤ ለቅሶው ግን ከልጆቹ ለቅሶ ይበልጣል። ጎረቤት ለሐዘንተኛው እዝን ይዞ በገባ ጊዜ ደግሞ አፉ ማልቀሱን ሳያቋርጥ ዓይኑ ብቻ ምግቡን ተከትሎ ይሄዳል። ድራማው ከዚህ የዘለለ ነገር አልነበረውም። ሰዉ ግን ያቺን ዓይን ለማየት እሁድን ይጠብቅ ነበር።

ለዚህ ቦታ ተዋናይ የመረጥነው ግሽ ዓባይ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ዳይሬክተራችን ሰሎሞን ቦርጫም ሰው ነበር የፈለገው። እኔም ከተማው ውስጥ ያለውን ቦርጭ ሁሉ ለቅሜ አመጣሁለት። አንዳንዱ በጥጥ ጢም ሠርቶ መጥቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «አልቅስ» ሲባሉ ይጮሃሉ። ጭንቅላታችን ሊፈነዳ ሲደርስ አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ የተንጠለጠለ አዛውንት ገቡ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ በወጣትነታቸው በሠራተኛው የኪነት ቡድን ውስጥ ተውኔት የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ አልጠራኋቸውም። ማስታወቂያውን ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ አይተው ነው የመጡት።

«ጋሼ፣ እስኪ አልቅስልን» አላቸው ሰሎሞን፣ ቶሎ ሊሸኛቸው ፈልጎ።

«ሟቹ ማን ነው?» አሉ።

«ማንም ይሁን።»

«ለማንም እንዴት ይለቀሳል?» አሉ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጡ። ሄዱ ስንል ከግቢው ማዶ ድምፅ መጣ። «እናቴን! እናት ዓለሜን!» እያሉ፣ ሁለት እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ ቆልፈው፣ እንደ አገራቸው ወግ ከሩቅ እያለቀሱ መጡ። ጎረቤት የሚኖሩ ሴትዮ «ማን ሞተ?» እያሉ በአጥሩ ብቅ አሉ። ጋሽ ሞላ በሩን አልፈው ሲገቡ ግን፣ የሌለች መሶብ በፊታቸው ያለፈች ይመስል፣ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ዞረ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ። ለቅሶው አልተቋረጠም። ሰሎሞን በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ። የቦርጫሞቹ ነገር በዚያው አለቀ።

የመጀመሪያው ክፍል የታየ ዕለት ዱርቤቴ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ደወሉላቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ሞተው ነው እትዬ የሺ ያሳደጓቸው፤ ከእሳቸው በቀር ሌላ ዘመድ የላቸውም፤ ትዳርም ቀድሞ ፈርሶባቸዋል። ድምፁ ክፍት ስለነበረ ሰማሁ። «ሞልዬ፣ እንዴት አሳቅኸኝ» አሉ እትዬ የሺ፤ ከዚያ ቀጥለው፣ «ግና ያ ለቅሶ ለእናታችን ያለቀስኸው አይደለም?» አሉ። ጋሽ ሞላ «ሌላ አላውቅማ» ብቻ ብለው ወሬ ቀየሩ።

ሰው ሲስቅ አፉን ማየት አይወዱም ነበር። «አፍ ይዋሻል፣ እጁን እይ። የእውነት የሳቀ ሰው አጠገቡ ያለውን ይመታል» ይሉኛል። ስለዚህ እሁድ እሁድ ዓባይ ማዶ ካለው ቤታቸው ወጥተው ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ሄደው ጥግ ይቀመጡና ማን ማንን እንደመታ ይቆጥራሉ። ሲቀረጹ ግን ልክ የላቸውም፤ ትዕይንቱ በተደገመ ቁጥር ንፍሮውን ከልባቸው ይበላሉ፤ «አያ ድረስ ለመብላት አይዋሽም» ብለው። ቤታቸው ግን በሶ ነው የሚበጠብጡት። በሶ የሚበጠበጠው ለብቻ ለሚኖር ሰው ነው ይሉ ነበር፤ ሲሉት አይስቁም።

ገበያ ሲወጡ የሽንኩርት ነጋዴዎቹ «አያ ድረስ፣ ዛሬ ማን ሞተ?» ይሏቸዋል። መጀመሪያ ላይ ይሄን ይወዱት ነበር። ኮፍያቸውን አንሥተው «አንቺ አለሽልኝ አይደለም እንዴ፣ ተራሽን ጠብቂ» ይላሉ፤ ገበያው በሳቅ ይናጋል። እኔም ከጎናቸው ስሄድ ደረቴን እነፋ ነበር። ማን አገኛቸውና!

ከዚያ የፋብሪካ ጓደኛቸው ሞቱ። በአንድ ፈረቃ አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። ጋሽ ሞላ እንደ ወጉ ከሩቅ «ወንድሜን!» እያሉ ወደ ድንኳኑ ሄዱ። መጀመሪያ ሕፃናቱ ሳቁ። ከዚያ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። በመጨረሻ የሟቹ ሚስት ራሳቸው፣ ፊታቸው በእንባ እንደራሰ፣ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በባላቸው ለቅሶ በመሳቃቸው ደንግጠው የባሰ አለቀሱ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሞላን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ውጭ አወጧቸውና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ከሠልስት በኋላ ብቅ ቢሉ» አሏቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሌላ ምን ይበሉ?

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሞላ ለቅሶ የሚደርሱት ድንኳን ከፈረሰ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ሆነ። በር አንኳኩተው «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ሽምብጥ በኩል በሐይቁ ዳር ስንሄድ፣ «ለቅሶ የማይደርስ ሰው ቀባሪ የለውም፤ ይሄን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ሊያሾፉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አላስከተሉም።

እትዬ የሺ የሞቱት በዚያው ዓመት ነው። ከጋሽ ሞላ ጋር ወደ ዱርቤቴ አብሬ ሄድኩ። ከመኪና ወርደን ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ላይ ስንደርስ እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ ቆልፈው «እህቴን! የእናቴን ምትክ!» ብለው ጀመሩ። ያ ለቅሶ ግሽ ዓባይ ሰፈር የሰማሁት ለቅሶ ነበር፤ አንድ ነገር አልጨመሩበትም፣ አንድ ነገር አልቀነሱበትም። «አያ ድረስ መጣ! አያ ድረስ መጣ!» የሚል ጩኸት ከየጎጆው ወጣ። ልጆች ሮጡ። ጎረምሶች ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ጀመሩ። አንዱማ ወደ ኋላ እየተራመደ ፊታቸውን ይቀርጻል።

ጋሽ ሞላ ቃላቸውን ሳይጨርሱ አቆሙ። እጃቸውን አወረዱ። ድንኳን ገብተው ጥግ ተቀመጡና እስኪመሽ ድረስ እንባ አልወጣቸውም። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ታላቅ እህቱ ሞታበት የማያለቅስ ወንድም በዚያ አገር ነውሩ ብዙ ነው። ከእሳቸው ጀርባ የተቀመጡ አንድ ባልቴት፣ ለሰው እንዲሰማ አድርገው፣ «ለቴሌቪዥን ያለቅሳል፣ ላሳደገችው ነፈጋት» አሉ። ሰምተዋል። ትከሻቸው ሲኮማተር አይቻለሁ። ያን ዕለት ሴትዮዋን ባንቃት ደስ ይለኝ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «አልቅሼ አልጨረስሁም» አሉኝ። ደግመው ደጋግመው፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ፣ «አልቅሼ አልጨረስሁም እኮ»።

በሳምንቱ ሰሎሞን ዘንድ ሄደው አያ ድረስን እንዲገድለው ለመኑት። «በአንድ ክፍል ይሙትና ልረፍ» አሉት። ሰሎሞን ማስታወቂያ ሰጪዎቹ አይፈቅዱም አለ። ጋሽ ሞላ ተጨማሪ አልተከራከሩም፤ በማግስቱ ግን ቀረጻ አልመጡም፤ ከዚያ በኋላም አልመጡም። ሌላ ሰው አመጣሁ፣ ቦርጫም። ዓይኑ መሶቡን ሲከተል ሰው አልሳቀም። ድራማው ብዙ ሳይቆይ ቆመ፤ እኔም ሥራ ቀየርኩ።

አንድ ሙከራ ግን አድርጌያለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባለፊልሞች ሐይቁ ዳር ቁም ነገር ያለው ፊልም ሊሠሩ ነበርና የአንድ ዓሣ አጥማጅ አባት ቦታ ክፍት እንደሆነ ሰማሁ። ጋሽ ሞላን ለምኜ ወሰድኳቸው። አባትየው ልጁ ሰጥሞ አስከሬኑ ሲመጣ ምንም ሳይናገር የሚያይበት ትዕይንት ነው። ሠሩት። የአዲስ አበባዋ ዳይሬክተር ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም፤ አፏን ይዛ ቀረች። ግን መብራት የያዙት፣ ገመድ የሚጎትቱት፣ ሻይ የምታቀርበው ሁሉ የባሕር ዳር ልጆች ናቸው። ጋሽ ሞላ ዓይናቸውን ወደ አስከሬኑ ባዞሩ ጊዜ መብራቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የያዘው ልጅ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ ነበር። ዳይሬክተሯ ዞር ብላ አየችውና አገሩ ሁሉ እንደሚስቅባቸው ገባት። ከዚያ «እንደውልላችኋለን» አለችን። ይቺን ቃል እኔም በሥራዬ ለስንት ሰው ብያታለሁ፤ ተደውሎ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሞላ ቤታቸውን ለቀው ቁንዝላ ገቡ። በሐይቁ ማዶ፣ መንገዱ የሚሰባብር፣ ማንም የማይፈልጋቸው ቦታ። ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ጨው፣ ክብሪት፣ ባትሪ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ባለፈው በጋ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ጢማቸውን እስከ ደረታቸው አሳድገዋል። ሱቁ በር ላይ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ። ዕቃ የሚገዛው ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ጥርሱን ሳያሳይ ይሄዳል። የቁንዝላ ሰው እንዴት ኮስታራ ነው ብዬ ነበር።

«እዚህ አንድም ሰው አያውቀኝም» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንደመጣሁ ሰሞን የአንዲት ሴት እናት ሞተች። ፈራሁ። ግና ሄድሁ። ከሩቅ ጀምሬ አለቀስሁ። ማንም አልሳቀም! የሺን አለቀስኋት። እነሱ ለእነሱ ሰው መሰላቸው፤ እኔ የሺን ነው ያለቀስኋት። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ አልቀርም፤ በእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አለቅሳታለሁ።»

«ጨረሱ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ልጨርስ ምንም አልቀረኝም» አሉና ፈገግ አሉ። ከተለያየን ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ፤ ልሄድ ስነሣ ግን እጄን ያዙኝ። ፊታቸው ተለወጠ። «እውነትሽን ንገሪኝ ልጄ። መልኬ ይሄን ያህል ጠፍቷል እንዴ? አንድ ሰው እንኳ እንዴት አያውቀኝም?» አሉ። ጢሙ ነው ብዬ አጽናናኋቸው። አላመኑኝም። ያቺ ጥያቄ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሥታኝ ነበር፤ ሰው መሳቁን ትቶላቸው ሰላም ባገኙበት አገር ደግሞ በውስጣቸው ያለው ተዋናይ ብቻውን ቀረ ብዬ።

ለቀብሩ ስደርስ ጥቂት ሽማግሌና አንድ ቄስ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ግን በሰው ጢም ብሎ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ አንዲት አልቃሽ ከመሐል ሆና ታወርዳለች፦

ቀድሞ የሚደርሰው በሰው ሁሉ ሐዘን፣
ዛሬ ምነው ቀረ እኛን ሲያገኘን።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ቀርቦልን የደወሉልኝ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ አቶ ፈንታ ይባላሉ። ሥራችን ምን እንደነበር ሊጠይቁኝ ነው ብዬ መልስ ሳዘጋጅ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አንቺም እዚያ ድራማ ላይ አለሽበት?» አሉኝ።

ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ። «ያውቃሉ እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው! ሱቁን የከፈተ ዕለት ነው ያወቅነው። ጢም ሰው ይደብቃል? በየስልኩ አለ እኮ።» ዙሪያቸውን አይተው ቀጠሉ። «መጀመሪያ ለቅሶ የደረሰ ቀን ‘እህቴን’ እያለ ሲመጣ ጎረምሶቹ ሊፈነዱ ደረሱ። ሟቿ እህቱ አይደለች፣ ምኑም አይደለች። እኔ ፊቱን አየሁት። ይሄ ሰው የራሱ ሰው ሞቶበታል አልሁ። ለመሳቅ አፉን የከፈተውን ሁሉ በዘንጌ አስፈራራሁ። እሱ ከሄደ በኋላ እድርተኛውን ሰበሰብሁና ወሰንን፤ ሞላ ሲያለቅስ የሳቀ፣ በዚያ በድራማ ስሙ የጠራው፣ ከለቅሶ እንደቀረ ሰው ይቀጣል። የሕፃን ጥፋት በወላጁ።»

«የተቀጣ ሰው አለ?»

«እኔ» አሉ አቶ ፈንታ። «አንድ ቀን እያለቀሰ ሳለ ንፍሮ በፊቱ አለፈና ዓይኑ ሳያስበው ተከተለው። አልቻልሁም። ሮጬ ከቤቱ ጀርባ ሄድሁና ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሰው አየኝ። ዳኛ ሆኜ ተቀጣሁ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ማታ ማታ በር ዘግተን፣ ድምፁን ቀንሰን ነበር እኮ የምናየው። ከሱ የሚያስቅ ሰው አላየንም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችኋቸውም? አንድ ቀን እንኳ!»

«ብንነግረው ማልቀሱን ይተዋላ» አሉኝ፣ እንደ ልጅ እያዩኝ። «ማልቀሻ ፍለጋ ለመጣ ሰው ሳቃችንን ብንደብቅለት ምን ይበዛበታል?»

ልክ ናቸው። ያደረጉላቸውን ውለታ ባሕር ዳርም ዱርቤቴም፣ እኔም ጭምር፣ አላደረግንላቸውም። ግን እጄን ይዘው የጠየቁኝ ያቺ ጥያቄ ተመለሰችብኝ። አገሩ ሁሉ በር ዘግቶ ሲስቅላቸው እሳቸው ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው መልኬ ጠፋ ብለው ያዝኑ ነበር። አንድ ሰው በጆሯቸው ቢነግራቸው ብዬ ተመኘሁ፤ ቢነግራቸው ደግሞ እትዬ የሺን አልቅሰው አይጨርሱም ነበር። ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር አላገኘሁም።

የመልሱን መኪና ከሰዓት በኋላ ተሳፈርኩ። ከከተማው ከወጣን በኋላ ነው እንባዬ የመጣው፤ ላቆመው አልሞከርኩም። መንገድ ላይ የተሳፈረች፣ ዶሮ የታቀፈች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ትንሽ አየችኝና፣ «ምነው እታለም፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ።

«ጋሽ ሞላ የሚባሉ ሰው።»

«የቱ ሞላ?»

«አያ ድረስን ሆነው የሚሠሩት።»

በነጠላዋ አፏን ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም፣ ሳቋ አመለጣት። «ውይ በሞትሁት! ይቅር በይኝ እታለም!» አለች፣ ደንግጣ። አልተቀየምኳትም። ቁንዝላን አልፈን ነበር።